የመክፈቻ ንግግር፦ እንጀራው የመጽሐፉ ዋጋ እንዳይሆን

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እንግዶቻችን፤

መንገዱ እንደ ልብ በማያስኬድበት በዚህ ጊዜ ከቢቸናና ከደጀን፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ተነሥታችሁ ደብረ ማርቆስ ድረስ ስለ መጣችሁ በቅድሚያ አመሰግናችኋለሁ። መምጣት ያልቻሉት አባላት ሐሳባቸውን በስልክ ሰጥተውናል።

ማኅበራችን የቆመው ለሁለት ሥራ ነው፤ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ እኅቶቻችን ቅዱስ መጽሐፍን በአማርኛ ማድረስ፣ ከሥራ ተባርረው ወይም ታመው መጠጊያ ላጡት ደግሞ የቤት ኪራይ፣ ምግብና መድኃኒት እንዲያገኙ መርዳት። የዓመቱን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን ስለሚያቀርቡ እኔ ወደዚያ አልገባም። የምናገረው ሁለቱ ሥራዎች የት አብረው እንደሚሄዱና የት መለየት እንዳለባቸው ነው፤ በዚህ ዓመት የፈተነን ይህ ነውና።

ለአዲሶቹ አባላት ችግሩ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ ላስታውስ። ሊባኖስ ውስጥ ከፋላ በሚባለው አሠራር የአንዲት የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ደመወዝ ተከልክላም ይሁን ተደብድባ ያለ ፈቃድ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ተብላ ትቆጠራለች፤ ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ ያለው በአሠሪዋ እጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ ወደቡ ላይ የተከማቸው አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሲበረታም አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ ብዙዎች ናቸው።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ። ባለፈው የነቢያት ጾም ርዳታውን ስናዘጋጅ፣ ድካም ለመቀነስ ብለን በየካርቶኑ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ከታች፣ አንድ አንድ ሐዲስ ኪዳን ከላይ አድርገን አሸግን። ያከፋፈለችልን እኅት በኋላ ስትደውል፣ ተራ ከጠበቁት መካከል ከወሎ የሄደች አንዲት ልጅ ካርቶኑን ከፍታ መጽሐፉን ስታይ፣ «እኔ እስላም ነኝ፤ ይህን ካልወሰድኩ ሽሮውን አትሰጡኝም?» ብላ እንደ ጠየቀቻት ነገረችን። እርግጥ ነው፣ ሽሮው ተሰጥቷታል። ነገር ግን ጥያቄው የመጣው ከልጅቱ ጥርጣሬ ሳይሆን ከእኛ አስተሻሸግ ነው፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ላይ በገዛ እጃችን አዘጋጅተን ላክንላት። (ለካርቶኖቹ የከፈልነው የአውሮፕላን ጭነትም ከሽሮው ዋጋ በልጦ ተገኝቷል፤ ያንን ቀድሞ ለማስላት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር።)

ይህን ነገር ሳሰላስል ሁለት ሰዎች በሐሳቤ ይመላለሳሉ። አንደኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ናቸው። ጢሮስ፣ የትውልድ ከተማቸው፣ ዛሬ በሊባኖስ ውስጥ ናት። በልጅነታቸው በቀይ ባሕር ዳርቻ ተማርከው አክሱም ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ኋላም ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብለው ተመለሱ። ያ ልጅ መጀመሪያ የሰው ቤት አገልጋይ ነበር። ዛሬ የእኛ ልጆች በእሳቸው አገር የሰው ቤት አገልጋዮች ሆነዋል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት የራሳችን አገር ሰው ናቸው። የውጭ ጸሐፍት አቡ ሩሚ የሚሏቸው አባ አብርሃም እ.ኤ.አ. በ1750 ገደማ በጎጃም ተወልደው፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ እስከ ሕንድ ዞረው በመጨረሻ ካይሮ ላይ ታመው ወደቁ። አስለን ደ ሸርቪል የተባለው የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ደርሶላቸው ከሞት ተረፉ፤ ትርጉሙም የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሹሙ ለ10 ዓመት ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁን ለእንግዳ እየዘጋ ከአባ አብርሃም ጋር ቃል በቃል ሲያነብ፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ተመለሰ። አባ አብርሃም በ1819 እዚያው ካይሮ በወረርሽኝ ሞቱ። ጽሑፉን በማግስቱ ዓመት የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ ወንጌሎቹ በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ለንደን ላይ ታተሙ። በአማርኛ የመጀመሪያው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ እንግዲህ በባዕድ አገር ከታመመ አንድ የጎጃም ሰው አልጋ አጠገብ የጀመረ ነው ማለት ይቻላል። ማስታመሙ ቀደመ፣ መጽሐፉ ተከተለ።

እንጀራና ቃል ጎረቤት ሆነው እንዴት እንደሚኖሩ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አይገባኝም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? ዋሸራም ዲማ ጊዮርጊስም እናቶች አኩፋዳ ውስጥ በጨመሩት ቁራሽ የቆዩ ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ቁራሿን የምትሰጠው እናት ግን ልጁን ስንት ቅኔ እንደ ቆጠረ አትጠይቀውም። የዓለም የረድኤት ድርጅቶችም ከቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት የምግባር ደንብ ርዳታ የሃይማኖት አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ተስማምተዋል። እኛ ደንቡን ከማንበባችን በፊት ልናውቀው ይገባን ነበር።

ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው ያዘጋጀው ረቂቅ ምግቡንና መጽሐፉን ይለያል። ለምግብና ለኪራይ ገንዘብ ብቻ እንልካለን፤ ሩዙም ዘይቱም እዚያው ይገዛል፤ ለተቸገረች ሁሉ ሃይማኖቷ ሳይጠየቅ ይሰጣል። መጽሐፉ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ለጠየቀች ብቻ ይደርሳል። ፊደል ላልቆጠሩትና መጽሐፍ ይዘው ወደ አሠሪ ቤት መግባት ለሚፈሩት በድምፅ የተቀዳው ንባብ በሚሞሪ ካርድ ይላካል፤ ይህን የጠየቁን ራሳቸው እኅቶቻችን ናቸው፣ እኛ አላሰብነውም ነበር።

ፎቶ እንዲላክላችሁ ለምትጠይቁ አባላትም አንድ ቃል አለኝ። ገንዘባችሁ የት እንደ ደረሰ ማወቅ መብታችሁ ነው፤ ደረሰኙን ታያላችሁ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ልጅ ፊቷ በቴሌግራም ላይ ሲዞር ግን ጉዳቱ ለእሷ ነው፤ እናቷም እዚህ መንደር ውስጥ ልታየው ትችላለች። ከዛሬ ጀምሮ ፊት የሚያሳይ ፎቶ አንቀበልም።

የመጨረሻው ነገር ከባድ ነው። «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» የሚል ተረት ጠቅሰው፣ በዚሁ በጎጃም ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ሳለ ባሕር ማዶ መላካችንን የተቃወሙ አባላት አሉ። ተቃውሟቸውን አላቃልልም፤ ሌሊት የማስበው ነገር ነው። ቤይሩት ካሉት ልጆች አንዳንዶቹ ከእነዚሁ ከተቸገሩት ቤቶች የወጡ፣ ሲሠሩ የቤቱን ጓዳ የሚሞሉ ናቸውና እነሱን ብንተው ሁለት ጊዜ ጎዳን ማለት ነው። ይህ ግን በቤት ላለው ረኃብ መልስ አይሆንም። ኮሚቴው ከሚሰበሰበው ግማሹ እዚሁ ለተፈናቀሉት እንዲውል ሐሳብ ያቀርባል፤ ከዚያ ይብለጥ የሚል ካለ እኔ አልከራከርም። ውሳኔው የጉባኤው ነው።

ረቂቁ በእጃችሁ ይገኛል። ከምሳ በፊት የገንዘብ ያዣችንን ሪፖርት ሰምተን፣ ከሰዓት በኋላ በረቂቁ ላይ ተወያይተን ድምፅ እንሰጣለን። አባታችን በጸሎት እንዲከፍቱልን በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ መጀመሩን እገልጻለሁ።