ያለ ዩ የምትሄደው ኪው

ማህሌት፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ተናድጄ ነው የመጣሁት።

ሄኖክ፦ ገና ሰላም ሳንል?

ማህሌት፦ ቅዳሜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስክራብል ላይ፣ ፊደል እየገጣጠሙ የእንግሊዝኛ ቃል በሚሠሩበት ጨዋታ፣ ዘረረችኝ። የእህቴ ልጅ። እዚሁ ሜሪላንድ የተወለደችው።

ሄኖክ፦ ታዲያ እንግሊዝኛው የሷ አይደል? ምን ያናድዳል?

ማህሌት፦ እሱ አይደለም። ኪው (Q) እጄ ላይ ቀረች። እንግሊዝኛ ውስጥ ያለ ዩ (U) የማትሄድ ይመስለኝ ነበር፣ ዩ ደግሞ የለኝም። ጨዋታው ሲያልቅ እጅህ ላይ የቀረው ፊደል ነጥቡ ይቀነስብሃል። ኪው ደግሞ 10 ነጥብ ናት። በእሷ ነው የተሸነፍኩት።

ሄኖክ፦ እኔ ኪው ስትደርሰኝ ወዲያው ነው የምቀይራት። እዳ ናት።

ማህሌት፦ ልጅቷ ምን አለችኝ መሰለህ? «አክስቴ፣ ዩ እኮ የግድ አያስፈልግም።» ያን ሌሊት አልተኛሁም። ስልኬን ይዤ ያለ ዩ ኪው ያለባቸውን ቃላት ስፈልግ አነጋሁ።

ሄኖክ፦ መዝገበ ቃላት አይረዳሽም ለዚህ።

ማህሌት፦ እንዴት ይረዳኛል! የተደረደረው በመጀመሪያ ፊደል ነው። ኪው መሃል ላይ ያለበትን ቃል ፈልጊ ካሉኝ ከኤ እስከ ዜድ ልገልጥ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን የቃል መፈለጊያዎች አሉ። በብዙዎቹ የጥያቄ ምልክት አንድ ያልታወቀ ፊደል ማለት ነው። ኮከቧ ደግሞ የፈለገው ያህል ፊደል። ኮከብ ጽፈህ ኪው ካስከተልክ በኪው የሚያልቁትን ያወጣልሃል። ኪውን በሁለት ኮከብ መሃል ካስገባሃት የትም ቦታ ያለችበትን።

ሄኖክ፦ ከዚያ ዩ ያለባቸውን ታስወግጃለሽ።

ማህሌት፦ አዎ። ከዚያ ነገሩ ገረመኝ። የወጡትን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ቃዲ። ኒቃብ። ቡርቃ። ጠላቅ፣ የሙስሊም ፍቺው። እንግሊዝኛ እያነበብኩ አልመሰለኝም። መርካቶ የቆምኩ ነው የመሰለኝ።

ሄኖክ፦ (ይስቃል) አብዛኛው ከዐረብኛ ነዋ።

ማህሌት፦ ዐረብኛ፣ ዕብራይስጥ። ቻይናም አለችበት። «ቺ» የምትባለው፣ እስትንፋስ ወይም ኃይል የሚሏት፣ ኪው እና አይ ብቻ ናት። ሰሜን አሜሪካ በስክራብል የፈቀዷት በ2006 ነው። ኪዋን የፊደሉን ነጥብ ሦስት እጥፍ የሚያደርገው ቦታ ላይ ካሳረፍካት 31 ነጥብ። በሁለት ፊደል!

ሄኖክ፦ ቆይ ግን፣ ዩ ከየት መጥታ ነው ኪው ላይ የተለጠፈችው?

ማህሌት፦ ከላቲን ነው። የድሮ እንግሊዞች «ክዊን»ን፣ ንግሥትን ማለት ነው፣ በሲ እና በደብልዩ ድምፅ ነበር የሚጽፏት። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ አጻጻፍ የለመዱ ጸሐፊዎች ኪው እና ዩን አስገቡ። በዚያው ቀረ። ለእንግሊዞች ኪው ማለት «ክው» ናት። ለብቻዋ ድምፅ የላትም።

ሄኖክ፦ ለእኛ ግን ቅ ናት! በላቲን ፊደል አማርኛ ቴክስት ስናደርግ «ቀን»ን በኪው አይደል የምንጽፈው? ዩ የሚባል ነገር ትዝም አይለን።

ማህሌት፦ ይኸውልህ! እዚያ ልመጣ ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዷ ቃል ምን እንደሆነች ታውቃለህ? ቆፍ።

ሄኖክ፦ የዳዊት ቆፍ? 118ኛው መዝሙር ላይ ያለችው?

ማህሌት፦ እሷው። የዕብራይስጥ ፊደል ስም ናት፣ ስክራብል ላይ ትፈቀዳለች። የእኛ ቀ ደግሞ በግዕዝ ስሟ ማን ነው?

ሄኖክ፦ ሆይ፣ ላው፣ ሐውት፣ ማይ፣ ሠውት፣ ርእስ፣ ሳት... ቃፍ!

ማህሌት፦ የቆሎ ተማሪ! ቃፍ። አሁን ወረቀት አምጣና ኪውንና «ቀ»ን ጎን ለጎን ጻፋቸው።

ሄኖክ፦ (ይጽፋል) ክብ... ዱላ። ክብ... ጅራት። አንቺ!

ማህሌት፦ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው። አንዷ በፊንቄ፣ በግሪክና በሮም በኩል ዞራ ኪው ሆነች። ሌላዋ በደቡብ ዐረብ ጽሕፈት በኩል መጥታ ቀ ሆነች። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ባዕድ ስፈራት የኖርኩት የ«ቀ»ን የአጎት ልጅ ነው።

ሄኖክ፦ እንዲህ ከሆነ በአማርኛ ብንፈልግ ይቀለን ነበር።

ማህሌት፦ የት ይቀላል! እንግሊዝኛ ላይ ኪውን አንዴ ትጽፋለህ፣ ያለችበትን ሁሉ ያወጣልሃል። አማርኛ ላይ ቀ ብለህ ብትፈልግ «ቁልፍ»ን አያገኝልህም። «ቂጣ»ንም። ከቀ እስከ ቆ ሰባት ጊዜ ትፈልጋለህ።

ሄኖክ፦ ቋን ረሳሻት። «ቋንጣ» ቀረች።

ማህሌት፦ ቋንጣማ አትቀርም። እና እንግሊዝኛው ላይ ቃላት ማጥናት ጀመርኩ። ትርጉሙን ሳይሆን ፊደሉን ብቻ።

ሄኖክ፦ እንደ ናይጀል ሪቻርድስ በይኛ። ኒውዚላንዳዊው። በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል ሻምፒዮን የሆነው ፈረንሳይኛ ሳይችል እኮ ነው። የቃላት ዝርዝሩን በዘጠኝ ሳምንት ሸመደደ። አለቀ።

ማህሌት፦ እኔ ሰባት ቃል ነው የሸመደድኩት። ለልጅቷ ይበቃታል። እሑድ ድጋሚ ገጠምን። ኪው ደረሰችኝ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ኪው፣ ኤ፣ ቲ ብዬ ደረደርኩ።

ሄኖክ፦ ምንድን ነው እሱ?

ማህሌት፦ ቃት። ጫት ነው! እንግሊዝኛው በኪውም፣ በኬም፣ በኬ እና በኤችም ይጽፈዋል። ሦስቱም ያስኬዳሉ። 12 ነጥብ አስቆጠርኩ።

ሄኖክ፦ ልጅቷስ?

ማህሌት፦ «እንዲህ የሚባል ቃል የለም» አለች። ዝርዝሩን አሳየኋት። ዝም አለችና «እሺ፣ ምንድን ነው ታዲያ?» አለችኝ። እናቷ ኩሽና ውስጥ ሆና ትሰማለች።

ሄኖክ፦ ምን አልሻት?

ማህሌት፦ ቅጠል ነው አልኳት።

ሄኖክ፦ (ይስቃል) እሷስ?

ማህሌት፦ «ሰላጣ ውስጥ የሚገባ?» አትለኝም!