ችግኝ ከመትከላችን በፊት ያለውን እንይ

የተከበራችሁ የወረዳችን አመራሮች፣ አባቶች፣ እናቶች፣ የሰፈራችን ወጣቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ወረዳችን ስለ እንጦጦ ተራራ ጥበቃ ያወጣውን ረቂቅ ዕቅድ አንብቤዋለሁ። ወረዳው ከበላያችን ያለውን ተራራ ልጠብቅ ብሎ መነሳቱ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ገጹን ሁሉ ባገላብጥ የማገኘው በዚህ ክረምት ስንት ችግኝ እንደሚተከል ነው። ተራራው ላይ አሁን ምን እንዳለ የሚናገር አንድ አንቀጽ አጣሁ።

ከዚህ ሆኖ ለሚያየው እንጦጦ አረንጓዴ ነው፣ ምን ጎደለው? አብዛኛው ግን ባህር ዛፍ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ። ያኔ በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ ስላለቀ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። ከዚያ ያዳናት ይሄው ዛፍ ነው። ስለዚህ ባህር ዛፍን አልረግመውም፤ እኔም ያደግኩት በቅጠሉ በተጋገረ እንጀራ ነው። ነገር ግን ጥቅጥቅ ብሎ በቆመበት ከሥሩ ሣር ብዙም አይበቅልም፣ የወደቀውም ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ስለሚወሰድ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ይዞት ይወርዳል። የቀበና ወንዝ ዳር ነዋሪዎችን ጠይቁ። ደግሞ ይሄ ተራራ የውሃ መክፈያ ነው፤ በእኛ በኩል የወረደው በአቃቂ አዋሽ ይገባል፣ በጀርባው በሱሉልታ የወረደው በሙገር አድርጎ አባይን ይቀላቀላል።

አገር በቀሉ ግን አልጠፋም። እንጦጦ ማርያምና ራጉኤል ግቢ ጽዱን ታዩታላችሁ። በየሸለቆው ቀጋና አምጃ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች አሉ፣ ከፍ ስትሉ ደግሞ አስታ የሚባለው። በተለይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ባህር ዛፉ ሳሳ ባለበት፣ ከጥላው ሥር፣ ወፍ በልታ የጣለችው የወይራና የጽድ ፍሬ ራሱ በቅሎ መገኘቱን ነው። ማንም አልተከለውም፣ ማንም ውሃ አላጠጣውም፣ በጀትም አልጠየቀም። እኛ ደግሞ በየዓመቱ ጉድጓድ ልንቆፍር እንወጣና እሱኑ ረግጠነው እንመለሳለን! ይሄ ያበሳጫል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቡቃያው ያለበት ቦታ ተለይቶ ይመዝገብ፣ ከንክኪ ነፃ ይሁን። ከብት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ፍየል አንዴ ከቀጠፈችው አለቀለት። ሣሩን አጭዶ መውሰድ ይፈቀድ፣ ከብት መልቀቅ ይቅር።

ባህር ዛፉን በአንዴ መጨፍጨፍም አልደግፍም። ተዳፋቱ ይናዳል፣ ጉቶውም መልሶ ያቆጠቁጣል። በየቦታው እያሳሱ፣ ያቆጠቆጠውን እየተከታተሉ እየገነጠሉ፣ አገር በቀሉን ማሳደግ ነው የሚያዋጣው። ዓመታት ይፈጃል፣ ለሪፖርት አይመችም፣ አውቃለሁ። ግን ሩቅ ሳንሄድ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን እንጠይቅ፤ ከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የያዙት ከ700 ሄክታር በላይ ቦታ ነው፣ ባህር ዛፍ በነበረበት አገር በቀል እየመለሱበት ነው። የመናገሻ ሱባ ደንም አለ፤ አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል፣ ዛሬም ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል።

አሁን ከባዱ ነገር። ከተራራው የባህር ዛፉን እንጨት ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች አሉ። ዕቅዱ ስለ እነሱ የሚለው "ሕገወጥ" ብቻ ነው። ነገ ቢከለከሉ ምን ይበላሉ? የጥበቃውና የችግኝ ጣቢያው ሥራ ሲወጣ ቀድሞ ለእነሱ ይሰጥ፤ ከተራራው የትኛው ጥግ ምን እንደሚበቅል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እኔን ጨምሮ። በ2010 የወጣው የደን አዋጅም የማህበረሰብ ደንን በሕግ አውቆታል፣ መንገዱ አለ።

ችግኝ መትከሉም አይቅር። ዘሩ ከዚሁ ተራራ ይለቀም፣ ሪፖርቱም ስንት ተተከለ ሳይሆን ስንት ጸደቀ ይበል።

የመጨረሻው ካርታው ነው። የሚጠበቀው ቦታ ወሰን በመሬት አጠቃቀም ፕላኑ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ የዛሬው ስብሰባ ከንቱ ነው፤ ነገ አንዱ ለሪዞርት፣ ሌላው ለድንጋይ ካባ ይጠይቅበታል፣ የሚከራከርበትም ወረቀት አይኖርም። ካርታው ይጽደቅ፣ ቅጂውም ወረዳው በር ላይ ይለጠፍ። ሁላችንም መጥተን እናየዋለን።

አመሰግናለሁ።