ማቴዎስ 19፦ የቱን እንዳለ፣ የቱን በምሥጢር?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ አድማጮቼ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን።

የማወራው በየቤቱ ስላለ ክርክር ነው። መጽሐፍ ቅዱስን እንደተጻፈ እንዳለ ነው የምንወስደው ወይስ በምሥጢር፣ በምሳሌ? እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ ታናሽ እህቴ ጴንጤ ናት። እሷ «የተጻፈው ግልጽ ነው፣ አታወሳስቡት» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አንድምታ፣ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ የሚፈታውን የቤተ ክርስቲያናችንን ትርጓሜ፣ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ቦታ እንቀያየራለን። እኔ «ነው ካለ ነው፤ አለቀ» እላለሁ። እሷ «መታሰቢያ ነው» ትላለች።

የእኛ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1529 የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎቹ ሉተርና ዝዊንግሊ ጀርመን አገር ማርቡርግ ላይ ተገናኝተው የተለያዩት በዚሁ ቃል ነው። ሉተር «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ጽፎ ንቅንቅ አልል አለ። ሁለቱም ደግሞ «መጽሐፍ ብቻ» የሚሉ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ሁሉን ቃል በቃል የሚወስድ ክርስቲያን እስካሁን አላገኘሁም። ሁሉን በምሳሌ የሚወስድም የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የትኛው ጥቅስ ላይ ስንደርስ ነው «ይሄ እንኳ ምሳሌ ነው» የምንለው? ብዙ ጊዜ ኪሳችንን የሚነካው ላይ ይመስለኛል። ለዚህ አንድ ምዕራፍ ይበቃኛል፤ ማቴዎስ 19።

ቁጥር 12 ላይ ጌታ «ስለ መንግሥተ ሰማያትም ራሳቸውን የሰለቡ ጃንደረቦች አሉ» ይላል። የእስክንድርያው ኦሪጀን፣ በምሳሌያዊ ትርጓሜ ስሙ የገነነው ሰው፣ በወጣትነቱ ይህን ቃል በቃል ወስዶ በራሱ ላይ ፈጸመው ብሎ የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ጽፏል። አልሆነም የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ኦሪጀን ራሱ ግን በኋላ ማቴዎስን ሲተረጉም ይህን ቃል እንዲያ መውሰድ ስሕተት ነው ብሏል። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም በመጀመሪያው ቀኖናው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሱን የሰለበ ሰው በክህነት እንዳያገለግል ወሰነ። እዚህ ላይ ማንም አይከራከርም፤ እንለፈው።

ቁጥር 21 ነው ከባዱ። ጌታ ለአንድ ሀብታም ወጣት እንዲህ ይለዋል፦ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ፥ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ።»

እ.ኤ.አ. በ270 አካባቢ በግብፅ አንድ ወጣት ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ይህ ወንጌል እየተነበበ ነበር። እናትና አባቱ ከሞቱ ገና ስድስት ወር ገደማቸው ነው። አባ እንጦንስ ናቸው፤ ጥር 22 የምናከብራቸው። ታሪካቸውን የጻፈልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ከወላጆቻቸው የወረሱት ለም መሬት በእኛ ልኬት ሁለት ጋሻ ገደማ ይሆናል። ቃሉ ለእሳቸው የተነገረ መሰላቸው። ወጥተው መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጡ። የቀረውን ንብረት ሸጠው ለድሆች አካፈሉ። ለታናሽ እህታቸው ጥቂት አስቀሩ። ሌላ ቀን ደግሞ «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ሰሙና ያንንም ሰጡት። እህታቸውን ለደናግል ማኅበር አደራ ብለው ወጡ።

እዚህ ላይ ሁሌም ቆም እላለሁ። ያቺ ልጅ ምን አለች? አትናቴዎስ አልጻፈውም። በኋላ አርጅታ የደናግል መሪ ሆና ከወንድሟ ጋር እንደተገናኘች ግን ይነግረናል። አባ እንጦንስን እወዳቸዋለሁ፣ በጸሎታቸውም አምናለሁ። ቢሆንም ቃሉን ቃል በቃል የመውሰዳቸው ዋጋ በእሷም ላይ አርፏል። ይህን ሳይናገሩ ታሪኩን መስበክ ልክ አይመስለኝም።

ከእሳቸው በፊት፣ እዚያው ግብፅ፣ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ በዚሁ ክፍል ላይ ለሀብታሞች አንድ ድርሳን ጽፎ ነበር። ጣል የተባልከው ገንዘቡን ሳይሆን በነፍስህ ውስጥ ያለውን የገንዘብ ፍቅር ነው ይላል። ሁሉም ባዶ እጁን ከቀረ የተራበውን ማን ያበላዋል? ብሎም ይጠይቃል። ይህን ብቻ ይዞ የሚሮጥ ሰባኪ ሞልቷል። ቀሌምንጦስ ግን እዚያ አላበቃም። ሀብታሙን በገንዘብህ ሰማይን ግዛ፣ ካስፈለገ ምድርን ሁሉ ዙር ይለዋል። የሚሰጠውን ድሀ ራሱ እንዲፈልግ፣ መርጦም እንዳይሰጥ ይመክረዋል። በምሥጢር ተረጎመው፤ እጁን ከኪሱ እንዲያወጣ ግን አላረፈለትም።

የትርጓሜ ጉባኤ ተቀምጦ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ተማሪው የግእዙን ንባብ ያነባል። የኔታ ነጠላ ትርጉሙን በአማርኛ ይሰጡታል። ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ያመጣሉ። ደግሞ «አንድም»። ሦስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው አይሻርም፤ ይደረብበታል እንጂ። ሰው «ምሳሌ ነው» ሲለኝ አሁን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ደረብክበት ወይስ ሻርከው?

ቁጥር 24ን ውሰዱ። ሀብታም ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ ይቀላል የሚለውን። «የመርፌ ቀዳዳ» የሚባል ጠባብ በር ኢየሩሳሌም ነበረ፤ ግመሉ ጭነቱን አራግፎ ተንበርክኮ ይገባ ነበር የሚል ስብከት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በጌታ ዘመን እንዲህ የሚባል በር እንደነበረ ማስረጃ የለም። ወሬው የመጣው ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ነው። ደቀ መዛሙርቱም «እንኪያስ ማን ሊድን ይችላል?» ብለው እጅግ ተገረሙ ይላል። ተንበርክኮ የሚታለፍ በር ቢሆን ምን ያስደነግጣቸው ነበር? ይሄ መሻር ነው።

ቁጥር 29 ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስለ ስሜ ቤቱን፣ ወንድሞቹን፣ እናቱን፣ እርሻውን የተወ «መቶ እጥፍ ይቀበላል» ይላል። አንዲት የማውቃት ሴት አለች፣ ሰው ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ። አንድ ፕሮግራም ላይ ሰባኪው ይህን አንብቦ «ዛሬ አንድ ሺህ የዘራ መቶ ሺህ ያጭዳል» አለ። ብር አልነበራትም። የጆሮ ጌጧን አውልቃ ፖስታ ውስጥ ከተተችና ሰጠች። ወርቅ ነው፤ የእናቷ ነበር። ይህን ስታወራኝ እጇ ጆሮዋን ይዳብሳል።

እኔን ያንገበግበኛል። ቃል በቃል ከሆነ እናትም ዝርዝሩ ውስጥ አለች፤ መቶ እናት ከየት ሊመጣላት ነው? ደግሞስ ከስምንት ቁጥር በፊት «ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለውን ያው ሰባኪ ለራሱ እንዴት አነበበው? ለእሱ ምሥጢር፣ ለእሷ ቃል በቃል። እህቴ ይህን ስነግራት ከእኔ በላይ ነው የተቆጣችው።

የእኛም ሰፈር ከዚህ አያመልጥም። «እሱ ለፍጹማን ነው፣ ለመነኮሳት ነው» እንላለን። እውነት ነው፣ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ» የሚል አለበት። ግን የአባ እንጦንስን ድርሳን ሰምተን፣ ጠበል ጸዲቅ ቀምሰን ስንወጣ ደጃፉ ላይ የተቀመጡትን የኔ ቢጤዎች ሳናይ ነው የምናልፈው። እነሱንም ለመነኮሳት ነው የተውናቸው?

ቁጥር 22ን ሳላነብላችሁ አልለያችሁም። «ጐበዙም ይህን ቃል በሰማ ጊዜ ብዙ ንብረት ነበረውና እያዘነ ሄደ።» ልጁ የሰማው ግልጽ አድርጎ ነው። ጌታም ከኋላው ጠርቶ «ቆይ፣ ምሳሌ እኮ ነው» አላለውም። ማርቆስ ደግሞ «ኢየሱስም ወደ እርሱ ተመልክቶ ወደደውና» ብሎ ይጨምራል። ያንን ከባድ ቃል የተናገረው የወደደውን ሰው አይቶ ነው። ቃሉን ላቅልለው ስል የሚይዘኝ ይሄ ነው።

በሚቀጥለው ክፍል ምዕራፍ 20ን ይዤ እመጣለሁ፤ በአሥራ አንደኛው ሰዓት መጥተው እኩል የተከፈላቸውን ሠራተኞች። የእናንተን ቤት ክርክር በድምፅ ላኩልኝ፤ ከእህቴ ጋር ሆነን እንሰማዋለን። ደህና ሁኑ።