ስህተቱን አትንኩት፦ ለዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የሊቀመንበር ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ነው። ምስጋናውን ጸሐፊያችን ስለሚያደርስልኝ እኔ በኑዛዜ ልጀምር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የአያቴን የብራና ዳዊት አረምኩ። በሰማያዊ እስክሪብቶ! ግዕዝ ቀመስ ማለት ጀምሬ ነበርና «ንጉሥ» የሚለው ቃል በእሳቱ ሰ ተጽፎ ሳየው አላስቻለኝም። እየሰረዝኩ ንጉሡን ሠ አስገባሁለት። አያቴ ቢያዩኝ ኖሮ ጆሮዬን ይዘው ያዞሩኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የብራና ባለሙያ ዳዊቱን ገልጦ «ይሄን ማን ነው የነካካው?» ሲለኝ፣ «እንጃ» አልኩት።

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ያን ቀን ነው። በጣም በጥንቶቹ መጻሕፍት የሁለቱ ሰ ልዩነት በተሻለ ይጠበቃል። እየቆየ ሲሄድ ግን ድምፁ አንድ ስለሆነ ጸሐፊው እጁ እንዳመጣለት ይጽፋል። የዚያ ጸሐፊ «ስህተት» ዘመኑንና አነጋገሩን የሚናገር ምስክር ነበር። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ መዝሙር 135ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እያንዳንዱ ቁጥር «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» እያለ ይዘጋል። አሁን ቁጭ ብላችሁ ስትገለብጡ አስቡ። ብርዑን ቀለም ነከር አድርጋችሁ ዓይናችሁን ወደ እናቱ መጽሐፍ፣ ወደምትገለብጡበት ማለቴ ነው፣ ስትመልሱ፣ ከላይኛው «ምሕረቱ» ይልቅ የታችኛው ላይ ያርፋል። አንድ ቁጥር ጠፋ። ከእናንተ የገለበጠው ሰውም ሳያውቅ ያንኑ ጉድለት ይወርሳል። ሁለት ዳዊቶች አንድ ዓይነት ጉድለት ካላቸው ዘመዳሞች ሳይሆኑ አይቀሩም። እርግጥ እንዲህ ባለ መዝሙር ሁለት ሰዎች ለየብቻቸውም ሊዘሉ ስለሚችሉ አንድ ጉድለት ብቻውን አይበቃም፤ መደጋገም አለበት። የመጻሕፍትን የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ሊቃውንት መያዣቸው ይህ ነው። ትክክለኛውን ንባብ ሁሉም ሊጋራው ይችላል። የጋራ ስህተት ግን ቤተሰብ ያሳያል።

ዘንድሮ ላነሣላችሁ የወደድኩት የአሌሳንድሮ ባውዚን ሥራ ነው። ጣልያናዊ ናቸው፤ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ጽሑፍ ሊቅ። በምሥራቅ ትግራይ፣ ዑራ መስቀል፣ አንድ ቅጠሎቹ የተዘበራረቁ አሮጌ ብራና ተገኘ። ዕድሜው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ አይሆንም። በውስጡ ያሉት ጽሑፎች ግን በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጎሙ ናቸው። ቅጠሎቹን በቅደም ተከተል መመለስ ራሱ ሥራ ነበር፤ ቁጥር የለ፣ ማውጫ የለ። ዐረፍተ ነገሩ የቱ ጋ እንደሚቀጥል እያነበቡ መግጠም ነው።

ከጽሑፎቹ አንዱ «የሐዋርያት ትውፊት» የሚባለው ነው። ስለ ጳጳሳት ሹመት፣ ስለ ጥምቀትና ስለ ጸሎት የሚናገር ጥንታዊ ሥርዓት ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቅዳሴ ሐዋርያት ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። የግሪኩ ሙሉ ጽሑፍ ጠፍቷል። በእኛ ዘንድ «ሲኖዶስ» በሚባለው የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ የሚታወቀው ደግሞ በዐረብኛ በኩል ዞሮ የመጣው ነበር። ባውዚ ቀጥተኛውን ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተሙት።

እኔን የሚገርመኝ የዚህ የግዕዝ ትርጉም ጓደኛ ነገር ነው። የላቲኑ ትርጉም የተረፈው ጣልያን ውስጥ ቬሮና ከተማ፣ ተፍቆ ሌላ ነገር በተጻፈበት ብራና ላይ ነው። መነኩሴው ብራና አጥሮት ኖሮ አሮጌውን ፍቆ የስፔኑን ጳጳስ የኢሲዶርን መጽሐፍ ጻፈበት። የተፋቀው ቀለም ግን ከሥር ደብዘዝ ብሎ ቀረ። በዑራ መስቀሉ ብራና ውስጥ ያለ የእስክንድርያ ጳጳሳት ታሪክም እንዲሁ ግሪኩ የለም፤ ከፊሉ በላቲን የቆየው እዚያው ቬሮና ነው። ቬሮናና ትግራይ! የማይተዋወቁ ሁለት ገልባጮች የአንድ እናት ልጆችን አሳድገዋል። አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የጠፋውን ግሪክ መገመት ይቻላል።

መጽሐፈ ሄኖክን ያላነሣሁት ረስቼው አይደለም። በየዓመቱ ስለምናነሣው እሱም ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። በቤታችሁ ብራና ካለ አትረሙት። አትጥረጉት፣ በፕላስተር አታጣብቁት፣ የወላለቀ ቅጠል ካለም «ቦታው ይሄ ነው» ብላችሁ አትስፉት። መጀመሪያ ባለበት ሁኔታ ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አንሡት፤ ባዶ ገጹንና ሽፋኑን ጭምር። የሻማ ጠብታውንም ቢሆን። ከሰዓት በኋላ ወጣቶቻችን በስልክ እንዴት እንደሚነሣ ያሳዩናል። መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ጠፍቶ።

የአያቴን ዳዊት ይዤ መጥቻለሁ። ሻይ ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ሰማያዊው ቀለም የኔ ነው፤ ዘንድሮ «እንጃ» አልልም። እጃችሁን ታጥባችሁ ግለጡት።

ጉባኤው ተከፍቷል።