ሲጠግብ ዝም፣ ሲርበው ሰማያዊ

ትዕግሥት፦ ሰላም ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን! ዛሬ ሄኖክ ስለ ባክቴሪያ ሊያወራን ነው። ከምን ትጀምራለህ?

ሄኖክ፦ ከሽታ። ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አፈሩ የሚሸተውን ታውቂዋለሽ?

ትዕግሥት፦ እንዴ! ነፍሴ ነው እኮ።

ሄኖክ፦ እዚያ ሽታ ውስጥ ጂኦስሚን የሚባል ነገር አለ። ከሚሠሩት መካከል ዋነኞቹ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው። የቲቢ መድኃኒቱ ስትሬፕቶማይሲንም የተገኘው ከእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943፣ አሜሪካ ውስጥ፣ አልበርት ሻትዝ በሰልማን ዋክስማን ላብራቶሪ ሲሠራ አገኘው።

ትዕግሥት፦ ታዲያ ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ዝም ብለው ሁልጊዜ ያመርታሉ?

ሄኖክ፦ አያመርቱም! እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። አንድ ዝርያ ልንገርሽ፤ ስትሬፕቶማይሲስ ሴሊኮለር ይባላል። የላብራቶሪ ሳህን ላይ ስትዘሪው መጀመሪያ ፈዛዛ ክር ሆኖ ያድጋል። ምግብ እስካለ ድረስ ማደግ ብቻ ነው ሥራው። ቀናት አልፈው ምግቡ ሲሳሳ ግን ከሥሩ ሰማያዊ ነገር መስረግ ይጀምራል። የእስክሪብቶ ቀለም የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። ያ ቀለም ራሱ አንቲባዮቲክ ነው፤ አክቲኖሮዲን ይባላል።

ትዕግሥት፦ ስለዚህ አንቲባዮቲኩን የሚያሠራው ጂን ሲበራ በዓይን ይታያል ማለት ነው።

ሄኖክ፦ በትክክል። ተመራማሪዎች ይሄን ባክቴሪያ የሚወዱት አንድም ለዚህ ነው።

ትዕግሥት፦ ግን አልገባኝም። ሲርበው ጉልበቱን መቆጠብ አልነበረበትም?

ሄኖክ፦ በጊዜው የሚሆነውን እይው። ባክቴሪያው መሸሽ አይችልም፤ አፈር ውስጥ ድሩን ዘርግቶ ተተክሏል። ስለዚህ የገዛ ድሩን ከፊሉን ያፈርስና በሱ ዘር ያበቅላል። የፈረሰው አካል ደግሞ ለጎረቤት ማይክሮብ ድግስ ነው። አንቲባዮቲኩ ያን ስንቅ ይጠብቃል ብለው ያስባሉ ተመራማሪዎቹ።

ትዕግሥት፦ ልጆቹን እየመገበ በሩን ይጠብቃል በለኛ! ግን ጊዜው መድረሱን በምን ያውቃል?

ሄኖክ፦ ዳስአር የሚባል ፕሮቲን አለ። ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ የአንቲባዮቲክ ጂኖቹን የሚያስነሣውን አለቃ ጂን ይቆልፋል። የባክቴሪያው ግድግዳ ሲፈርስ ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን የሚባል ስኳር ይወጣል። ስኳሩ ተመልሶ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ይለወጣል። የተለወጠው ስኳር ዳስአር ላይ ይጣበቅና ከዲኤንኤው ያላቅቀዋል። ቁልፉ ተከፈተ፣ ጂኖቹ ተነሡ።

ትዕግሥት፦ ቆይ፣ ስኳሩ ከሌላ ቦታም ሊመጣ ይችላል እኮ።

ሄኖክ፦ ይችላል! የነፍሳት ቅርፊትና የሻጋታ ግድግዳ ውስጥም አለ። የሚለየው ግን በዙሪያው ባለው ምግብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ያሳየውም ይሄንኑ ነው። ምግብ በሞላበት ሳህን ላይ ስኳሩን ስትጨምሪ አንቲባዮቲኩ ይታፈናል። ምግብ በሌለበት ሳህን ላይ ስትጨምሪ ግን ይነሣል። ስኳሩ ያው ነው፣ ትርጉሙ ሌላ።

ትዕግሥት፦ አሁን ገና ገባኝ። ስኳሩ ብቻውን ወሬ አይሆንም፤ ቤቱ ውስጥ ያለውም ይታያል።

ሄኖክ፦ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ፎስፌት ሲያልቅ፣ አሚኖ አሲድ ሲጎድል፣ እያንዳንዱ የየራሱ መንገድ አለው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የዚህ ባክቴሪያ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዲኤንኤ መዝገቡ፣ ተነቦ ሲያልቅ እንዲህ ዓይነት ውሁዶችን የሚሠሩ ከ20 በላይ የጂን ስብስቦች ተገኙ። ከዚያ በፊት የሚታወቁት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ።

ትዕግሥት፦ የቀሩትስ?

ሄኖክ፦ ብዙዎቹ ላብራቶሪ ውስጥ ዝም ይላሉ። እኛ ባክቴሪያውን የምንመግበው ምግብ ይሆናል ዝም ያሰኛቸው። ያ ስኳር በደሃው ሳህን ላይ ሲጨመር፣ ዝም ካሉት ስብስቦች የአንዱ ጂኖች ነቅተዋል።