ጓሳ፦ ማንም ያላረሰው ርስት

[ምስል፦ ረጅም ሣር በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ፤ ከበስተጀርባው ጭጋግ የዋጠው ገደል]

ተራኪ፦ ይህ የምታዩት ሣር ጓሳ ይባላል። አገሩም በሣሩ ስም ይጠራል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ደጋ ነው። መንዝ ነውና ብርዱን መግለጽ አያስፈልገኝም። ባና የሚለብስ ሕዝብ ባናውን ለጌጥ አልሠራውም።

የመንዝ ሰው በጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል። እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳም የሚሠራው ከዚሁ ነው። ቸረንፌ የሚሉት ቁጥቋጦ ደግሞ ማገዶ ይሆናል። ከሣሩ ሥር የሚጣራው ውሃ ግማሹ ወደ አባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሁሉም የሚፈልገው፣ አጥር የሌለው፣ ማንም ማታ ማጭድ ይዞ ሊገባበት የሚችል መሬት ነው እንግዲህ። እንዲህ ያለው መሬት እንዴት ሳያልቅ ዛሬ ደረሰ?

[ምስል፦ የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ የተሰበሰበ ሕዝብ]

መልሱ ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። በቅርብ ዓመታት በዜና ከሰማችሁት ስም ጋር አታምታቱት፤ ይኼኛው በአውሮፓውያኑ 17ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረ የግጦሽና የሣር ሕግ ነው። ጓሳ የአስቦና የጌራ ዘሮች አጽመ ርስት ነበር። ሁለቱ የመንዝ አቅኚ አባቶች ናቸው፤ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ እስከ ዛሬ የአንደኛውን ስም ይዟል። ከየወገኑ አንድ አንድ አለቃ ይመረጥ ነበር፤ አባ ቄራ ይሉታል። አባ ቄራው ጓሳን ሲዘጋ ለአንድ ወቅት ብቻ አይደለም። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ሰው እንዳያጭድ፣ ከብት እንዳይገባ ይከለከላል። አዋጁ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገራል፤ ሰው ሁሉ የሚገኘው እዚያ ነዋ። ጥበቃውም የአባወራው ሁሉ ግዴታ ነው፤ ተራ የደረሰው ይወጣል።

ሣሩ ደረሰ ሲባል በበጋው፣ ሌላው ግጦሽ በሚደርቅበት ሰዓት፣ ይከፈታል። መጀመሪያ ሣር ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል። ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል፣ ሁሉም ለቆ ይወጣል፤ ጓሳም እንደገና ይዘጋል። ቀኑ የዘፈቀደ አይደለም። ክረምቱ የገባበት፣ ሣሩ የሚያቆጠቁጥበት ጊዜ ነው። በዓል መሆኑ ደግሞ ሕጉን ሰው ብቻ ሳይሆን ታቦትም የሚያውቀው አደረገው።

[ምስል፦ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መሀል በዝግታ የሚራመድ ቀይ ቀበሮ]

አሁን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከጓሳ ታሪክ በጣም የምወደው ይህን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ያሉትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከእነሱ ጥቂቶቹ ጓሳ ላይ ይኖራሉ። ምግባቸው በሣሩ ውስጥ የሚርመሰመሰው አይጥ ነው። በአውሮፓውያኑ 2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እዚህ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይቀናዋል፤ በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቱ ይሳካለታል። ጭላዶቹም አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም ማለት ይቻላል። ጭላዶቹ ውሻ ሲያዩ ግን ወደ ገደሉ ይሮጣሉ።

አባ ቄራዎቹ ጓሳን የዘጉት ለቀበሮ ብለው አልነበረም። ለክዳናቸው ነው። ግን ሣሩ ሲተርፍ አይጡ ተረፈ፣ አይጡ ሲተርፍ ቀበሮው ተረፈ። «አካባቢ ጥበቃ» የሚለው ሐረግ መንዝ ሳይደርስ ሥራው ተሠርቶ ነበር።

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ የ1967 ሰልፍ]

በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። በአብዛኛው አገር ይህ ፍትሕ ነበር፤ ጭሰኛው ከባላባቱ ጫና ተላቀቀ። ጓሳ ላይ ግን አዋጁ አንድ ያልታሰበ ነገር ገጠመው። ጓሳን ማንም አላረሰውም። አራሽ የሌለው መሬት የማን ይሁን?

የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ማለት ዋጋ አጣ፤ የአባ ቄራው ሥልጣንም አብሮ ወደቀ። ሣሩ ያለ ወቅቱ ይታጨድ ጀመር፣ ዳርቻውም ታረሰ። እዚህ ላይ የቀድሞውን ሥርዓት ማሞገስ ይቀላል፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላሞግሰውም። ቄሮ የሚጠብቀውን ያህል የሚያገልም ነበር። ከዘሩ ያልተወለደ ጎረቤት ሣሩን እያየ ይኖር ነበር፤ አባ ቄራም ሴት አትሆንም። ያ ጎረቤት ከ1967 በኋላ ማጭድ ይዞ ሲገባ ጥፋት ብቻ አድርጎ ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ማኅበረሰቡ ራሱ ያገኘው መላ ይበልጥ ይገርመኛል። የወደቀውን ቄሮ እንዳለ አላነሱትም። መንግሥት በሚያውቀው ቀበሌ ላይ ተመሥርተው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መብቱን ከትውልድ ወደ ነዋሪነት አዛወሩት። መዝጋቱ፣ መክፈቱ፣ በተራ መጠበቁ ግን የድሮው ነው። በኋላ የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያም ተሠራ።

[ምስል፦ በሩቁ የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ክዳን]

አሁን ያለው ፈተና ሌላ ነው። ቆርቆሮ የገዛ ሰው የክዳን ሣር አያስፈልገውም። ቅድመ አያቱ ተራ ጠብቀው ያጨዱትን እሱ አይናፍቅም። ስለዚህ ጥበቃው እንዲቀጥል ከጓሳ የሚገኘው ሌላ ጥቅም፣ የውሃው፣ የግጦሹ፣ የቱሪስቱ ገንዘብ፣ በየቤቱ መድረስ አለበት። ከእንግዳ ማረፊያው የሚገባው ብር ለየትኛው ቀበሌ፣ በምን መለኪያ ይከፈል የሚለው ክርክር በእኔ እይታ ከቀበሮ ቆጠራው እኩል ሊከታተሉት የሚገባ ጉዳይ ነው።