ቤዝ የኮርድ ስም አይደለም፦ በደሴ ለሙዚቃ ሠልጣኞች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼና የዛሬ ተመራቂ ልጆቼ፤

የምረቃ ቀን ምስጋናና ምክር እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ምክሩን ግን ሌሎች ስለሚሰጧችሁ፣ እኔ በዚህች ከተማ መድረኮች ቤዝ ጊታር ይዤ በቆምኩባቸው ዓመታት ሁሉ ሲያንገበግበኝ የኖረውን አንድ ጉዳይ ልናገር። ኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆቻችን ከታች የሰሙትን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን፣ የኮርዱ (አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ) ስም ያደርጉታል። ቤዙ ዶ ከሆነ ኮርዱም ዶ ነው ይላሉ። አይደለም!

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ ተጠርተን ነበር። ዘፋኟ በአምባሰል ቅኝት ጀመረች፤ ድንኳኑ ጸጥ አለ፤ እኔም ዶን ይዤ ቆየሁ። ኪቦርዱ ላይ የነበረው ወጣት የእኔን ዶ ሰምቶ ዶ ማይነርን፣ ማለትም ዶ፣ ሚ ፍላትና ሶልን፣ በሙሉ እጁ ተጫነው። አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶልና ላ ፍላት ነው፤ ሚ የሚባል ድምፅ በዓይነቱ የለውም። ልጁ ያስገባው ሚ ፍላት የሌላ ቅኝት፣ የባቲ ማይነር ነው። ዘፋኟ ቃሏን ዋጠች። ከፊት የተቀመጡ፣ ኖታ አይተው የማያውቁ አንድ አዛውንት ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ከአምባሰል ተነሥተን ባቲ የገባነው መቼ ነው?» አሉት። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሳቅሁም።

ያ ልጅ በእኔ ዶ ላይ ፋንና ላ ፍላትን ቢደርብ ኖሮ ቅኝቱ ባልተነካ ነበር። ፋ፣ ላ ፍላትና ዶ የፋ ማይነር ድምፆች ናቸው፤ ዶ ከታች ስለሆነ ኮርዱ ሁለተኛ ኢንቨርዥን ላይ ነው (ስሙን የሰጠው መሠረቱ ፋ ሳይሆን ሌላው ድምፁ ከታች ሆኗል) እንጂ ስሙን አልለወጠም። ፈረንሳዊው ዣን ፊሊፕ ራሞ እ.ኤ.አ. በ1722 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ከእርሱ በፊት፣ ከ1600 አካባቢ ጀምሮ፣ የኢጣሊያ ሙዚቀኞች የቤዙን ዜማ ብቻ ጽፈው ቁጥር ያስቀምጡበት ነበር፤ ቁጥሩ በቤዙ ላይ የሚደረበውን ድምፅ ያመለክታል፤ ከቤዙ ወደ ላይ ይቆጠራል። ዶን አንድ ብለን ስንቆጥር ፋ አራተኛ፣ ላ ስድስተኛ ነውና 6 ከላይ፣ 4 ከታች ይጻፋል። ዶ ሜጀር ሚን ከታች ሲያደርግ 6 ብቻ ይበቃዋል፤ መሠረቱ ከታች ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አይጻፍም። ቅኔ ማኅሌት ያደጋችሁ ልጆች ለዚህ እንግዳ አይደላችሁም፤ በድጓ ቃላት ላይ የሚሰፍሩት ጥቃቅን ምልክቶችም ዜማውን ለሚያውቅ ያስታውሳሉ እንጂ አንድ በአንድ አይዘረዝሩም።

የአውሮፓ መማሪያዎች ይህ 6/4 ያልረጋ ነው፣ ወደ ሌላ ኮርድ አልፎ መርጋት አለበት ይላሉ። አምባሰል በእኔ ጆሮ እዚያው ያርፋል፤ የማይስማማ ባልደረባ ከመድረክ ስወርድ ይከራከረኝ።

ኢንቨርዥን ቤዙንም ከመዝለል ያድነዋል። ከዶ ሜጀር ወደ ላ ማይነር ስትሄዱ መካከል ላይ ሶል ሜጀርን ሲን ከታች አድርጋችሁ ብትጫወቱ፣ ቤዙ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ መኪና ዶ፣ ሲ፣ ላ እያለ በዝግታ ይወርዳል።

ኪቦርዱ ጋ የተቀመጥከው ልጄ፣ ድምፁን ከፍ አድርገው። ዶን እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ፋንና ላ ፍላትን ጨምርልኝ፤ ሚን እንዳትነካት።